የዋሳው ኢንስፔክተር

ክረምት ሲገባ ወደ ዲላ ሁለት ነገር ይመጣል፤ ዝናብና ኢንስፔክተር። ዝናቡን እናውቀዋለን፤ ጭቃውን ትቶልን ይሄዳል። ኢንስፔክተሩ ግን ከፍ ያለ ጉዳይ አለው። ከቨርጂንያ ተነሥቶ፣ ውቅያኖስ ተሻግሮ፣ ከአዲስ አበባ ደግሞ 360 ኪሎ ሜትር ያህል በመኪና ተንገጫግጮ የሚደርሰው፣ የምንበላው ምግብ እውነተኛ መሆን አለመሆኑን ሊያጣራልን ነው። እኛማ በምን እናውቃለን? ስንበላው ብቻ ነው የኖርነው።

ለዚህ ሥራ የሾመው መንግሥት የለም። ናፍቆት ነው የሾመው። የሥራ መሣሪያው አንድ ጥያቄ ናት፤ «ኦሪጅናል ነው?» በአርሊንግተን ኮሎምቢያ ፓይክ፣ በአሌክሳንድሪያ፣ በሲልቨር ስፕሪንግ ያልፈተሸው የሐበሻ ምግብ ቤት የለም። እንጀራውን አንሥቶ ወደ መብራቱ ይዘረጋውና ዓይኑን ይመረምራል። ስንዴ ከተቀላቀለበት ያኮርፋል። ንጹሕ ጤፍ ሆኖ አይዳሆ የበቀለ ከሆነም ያኮርፋል። ዌይን ካርልሰን የሚባል አሜሪካዊ ከ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ እዚያ ጤፍ እያመረተ የስንቱን ስደተኛ ምጣድ ከስንዴ ዱቄት ማዳኑ ለኢንስፔክተሩ ውለታ አይደለም። ጤፉ የሐበሻ አፈር አልቀመሰማ!

ሙያውን ያጠናው ግን በእንጀራ አይደለም፤ በቬትናሞች ሾርባ ነው። ፎልስ ቸርች ውስጥ ኤደን ሴንተር የሚባል የቬትናሞች የገበያ ማዕከል አለ። ቢጫ መደብ ላይ ሦስት ቀይ መስመር ያለው የደቡብ ቬትናም ባንዲራ ዛሬም ይውለበለብበታል። መንግሥቱ በ1975 እ.ኤ.አ. ወድቋል፤ ባንዲራው ግን ከመኪና ማቆሚያው በላይ ቆሟል። (ባንዲራ ይዞ መሰደድ ምን እንደሆነ ለእኛ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም።) የእኛው ሰው የሌሊት ተረኛ ሳለ፣ ብርድ አጥንቱ ድረስ በገባበት በአንዱ ጥር፣ እዚያ ገብቶ ፎ የሚሉትን ሾርባ ጠጣ። ለሰዓታት የተንተከተከ የከብት አጥንት መረቅ፣ ኮከብ የመሰለ የአኒስ ፍሬና ቀረፋ የሸተተው፣ የሩዝ ኑድልና ስስ ሥጋ ያለበት። ነፍሱ ተመለሰች። ያን ሌሊት ዝም ብሎ ቢያመሰግን ኖሮ ዛሬ ዲላ ሰላም ታድር ነበር። እሱ ግን በማግስቱ ሊቅ ሆኖ ተነሣ።

መመዘኛዎቹን ለመጣው እንግዳ ሁሉ ያስተምራል። የምናሌው እንግሊዝኛ ስህተት ይበዛዋል? በጣም ጥሩ። አስተናጋጇ ፈገግ አለች? አደጋ ነው፤ እውነተኛ ምግብ ቤት ደንበኛ አይወድም። ወንበሩ ይመቻል? ተነሡና ውጡ። ጓዳ ውስጥ አንዲት አሮጊት ቬትናማዊት ካልታዩ ሾርባው ውሸት ነው። አሮጊቷ ኖረው ደክሟቸው ቁጭ ካሉም ጥርጣሬ አለ፤ መቆም አለባቸው። ግድግዳው ቀለም የተቀባበት ምግብ ቤት ደግሞ፣ ባለቤቱ ከሃኖይ ትናንት ማታ የመጣ ቢሆን እንኳ፣ «ለፈረንጅ የተሠራ» ተብሎ ይሰረዛል። ኢንስፔክተሩ ሃኖይን አይቶት አያውቅም። ይህ ለፍርዱ ነጻነት ይረዳዋል።

ሃኖይን ቢያውቀውማ ነገሩ ይወሳሰብበታል። ፎ እኮ ከአባቶች አባት የወረደ ጥንታዊ ምግብ አይደለም። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በሰሜን ቬትናም፣ በናም ዲንና በሃኖይ አካባቢ፣ ፈረንሳይ ቅኝ ገዢ ሆና የበሬ ሥጋ መብላት በተስፋፋበት ዘመን የመጣ ነው። በ1954 አገሪቱ ለሁለት ስትከፈል የተሰደደው ሰሜናዊ ይዞት ወደ ደቡብ ወረደ። ሳይጎን ላይ የማሾ ቡቃያ ተነሰነሰበት፣ ቅጠላ ቅጠል ተከመረበት፣ ጣፋጭ ስጎ ገባበት፤ ሃኖዬው አፍንጫውን ያዘ። ከ1975 በኋላ ደግሞ ሳይጎኔው በተራው ተሰደደና ካሊፎርኒያ ላይ ሳህኑ ሰፋ፣ ሥጋው በዛ። እንግዲህ ከእነዚህ ኦሪጅናሉ የትኛው ነው? ኢንስፔክተሩን ጠይቁት፣ ሳያመነታ ይመልሳል፤ መጀመሪያ የጠጣው ነው።

በዚህ ዕውቀት ታጥቆ ነው እንግዲህ ወደ ትውልድ ከተማው የሚመለሰው።

ይህ ሰው ዲላ ተወልዶ ዲላ ያደገ ነው። ልጅ ሳለ ዋሳ ይቀርብለት ነበር፤ ጌዴኦ ዋሳ የሚለው ሌላው አገር ቆጮ የሚለው ነው። ዋሳ በልቶ የመጣ ቀን ትምህርት ቤት ሲጠየቅ እንጀራ ነው የበላሁት ይል ነበር። አይፈረድበትም። ገጠሩ በእንሰት ሲኖር፣ እንጀራ ከሰሜን ከመጣው ሹምና ነጋዴ ጋር የገባ የከተሜነት ማዕረግ ነበር። ዳቦ ከእንጀራ በላይ ነው፤ ጣልያን ትቶልን የሄደው መኮሮኒማ የዳቦም አለቃ። ከገጠር ዘመድ ዋሳ ተሸክሞ ሲመጣ ጓደኞቹ እንዳያዩት በጓሮ በር ያስገባ የነበረው ልጅ፣ ዲቪ ደርሶት አሜሪካ ገባ። ከዓመታት በኋላ አሌክሳንድሪያ አንድ ክትፎ ቤት ውስጥ፣ ከክትፎው ጎን በማይክሮዌቭ የሞቀች አንዲት ቁራሽ ቆጮ አየና እንባው መጣ። ቆጮዋ የጉራጌ ነበረች። እሱ ግን እናቴ ናት ብሎ ተቀበላት። ሒሳቡን በዶላር ከፈለና ጉርሻ ጨመረበት።

አሁን ዲላ ሆቴል ውስጥ ተቀምጧል።

«ጋሼ፣ ምን ልታዘዝ?»

«ዋሳ።»

«ዋሳ የለንም ጋሼ። ጥብስ አለ፣ ክትፎ አለ፣ የዓባያ ዓሣ አለ፣ ስፓጌቲ አለ።»

ስፓጌቲ! በጌዴኦ ምድር! ኢንስፔክተሩ ባህላችንን ጥለን የት እንደምንደርስ ይጠይቃል። እሱ ጥሎት የት እንደደረሰ ስለምናውቅ ዝም እንላለን። ልጅቷ ግን ቅን ናትና ታስረዳዋለች፤ ዋሳ ቤት ያለ ምግብ ነው፤ ሰው ሆቴል የሚገባው ቤቱ የሌለውን ሊበላ ነው። ይህችን የገበያ ሕግ ከዚህ ባጠረ ቃል ያስተማረ መምህር አላውቅም። ኢንስፔክተሩ ግን በማስታወሻው ላይ «ዲላ፦ ተበላሽታለች» ብሎ ጻፈና ኦሪጅናሉን ፍለጋ ወደ ቡሌ መንገድ ያዘ።

ገጠር የሰው ልብ ጥሩ ነው፤ ተቀበሉት። እናትየው የእንሰቱን ግንድ በቀርከሃ እየፋቁ ነበር። እንሰት ለምግብ እስኪደርስ ዓመታት ይጠብቃል፤ ከዚያ ተቆርጦ ይፋቃል፣ ጉድጓድ ገብቶ ይቦካል፣ ይጨመቃል፣ ይከተፋል፣ ይጋገራል። ሥራው ሁሉ የሴት ነው፤ ወገብ ይቆርጣል። ኢንስፔክተሩ ስልኩን አውጥቶ መቅረጽ ጀመረና አስተካከላቸው። «እትዬ፣ ያንን ጀሪካን ወደዚያ ግፉልኝ። ቆጮው ያለበትን ማዳበሪያም ደብቁልኝ፤ ቅጠል አልብሱት። ኮንጎ ጫማውን ቢያወልቁትስ?» አወለቁ። እንግዳ አይደል? መሬቱ ቀዝቃዛ ነበር፤ ቡሌ ደጋ ነው።

በዚህ መሐል ከጎረቤት አንድ ተማሪ ልጅ፣ እንሰት የሚፍቅ ማሽን ተሠርቷል ሲባል መስማቱንና እዚህም ቢመጣ ምን ያህል እንደሚያግዝ አነሣ። የኢንስፔክተሩ ፊት ጠቆረ። ማሽን! ጣዕሙስ? የሴትየዋ ድካም እኮ ከቅመሞቹ አንዱ ነው፤ እሱ ከወጣ ምን ይቀራል? እኔም አስቤ አስቤ ልክ ነው እላለሁ። አሌክሳንድሪያ ያለው ቁራሽ ከማይክሮዌቭ ይውጣ ግድ የለም፤ በዓለም ላይ ሚዛኑ እንዲጠበቅ ቡሌ ላይ አንዲት ሴት ወገባቸው መጉበጥ አለበት። እሱ የልብስ ማጠቢያ ማሽኑን ጥሎ በእጁ ያጥብ የሚል ሰው ካለ ቅናተኛ ነው።

በቅርቡ ደግሞ አጋዥ አግኝቷል። የጌዴኦ ባህላዊ መልክዐ ምድር በመስከረም 2016 ዓ.ም. ሪያድ ላይ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዘገበ። እንሰቱ፣ ከሥሩ ቡናው፣ ከላይ ጥላ የሚሆነው ዛፍ፣ ትክል ድንጋዩ፣ ይህን ሁሉ አስማምቶ ያቆየው ሕዝብ ክብር አገኘ፤ ደስ ብሎናል፣ ይገባንም ነበር። ኢንስፔክተሩ ግን ዜናውን ያነበበው እንደ እገዳ ትእዛዝ ነው። እንግዲህ ቅርስ ናችሁ፣ አትነቃነቁ። ቆርቆሮ ቤት ላይ ያጉረመርማል፣ አቮካዶ የተከለ ገበሬ ላይ ይቆጣል። በርበሬ ከአሜሪካ አህጉር የመጣ እንግዳ መሆኑን የነገረው ስለሌለ ግን ሚጥሚጣውን በጀግንነት ይነሰንሳል።

ወደ ቡናው እንምጣ፤ ትልቁ ጉዳይ እሱ ነው።

ኢንስፔክተሩ ለአክስቱ ስጦታ ይዞ መጥቷል። ዚፕ ያለው ከረጢት ነው፤ ላዩ ላይ «ይርጋጨፌ» ይላል፣ ከሥሩ ጃዝሚን፣ ቤርጋሞት፣ ሎሚ ብሎ ጣዕሙን ይዘረዝራል። ዋጋው 20 ዶላር ገደማ ነው። ይርጋጨፌ ከዲላ በመኪና ቅርብ ናት፤ ቡናው ግን ከዚያ ወጥቶ፣ መርከብ ተሳፍሮ፣ ቨርጂንያ ተቆልቶ፣ በአውሮፕላን ዲላ ገባ። አክስት ከረጢቱን ከፈቱና አሸተቱ። «ልጄ፣ ማን ነው ሳይቆላ ያወጣው?» ኢንስፔክተሩ በትዕግሥት አስረዳቸው፤ የአበባው ጣዕም እንዳይጠፋ ሆን ተብሎ የተደረገ ነው። ስኳር አይግባበት፣ ጨውም አይግባበት፣ ዝም ተብሎ ይጠጣ። አክስት ጠጡ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ቡና ሲለቅሙና ሲያጥቡ የኖሩ ሴት፣ የቡናቸውን ጣዕም በሰባ ዓመታቸው ከእህታቸው ልጅ ተማሩ።

ስድብ አይምሰላችሁ፤ እሱ እውነትም ከእሳቸው የበለጠ ያውቀዋል። የኤክስፖርት ደረጃ ያለውን ቡና አገር ውስጥ ገበያ ላይ መሸጥ በሕግ ሲከለከል ኖሯል። ገበሬው ከጓሮው ቆንጥሮ ቢያፈላ የሚይዘው የለም። ነገር ግን አንድ ኪሎ ጥሬ ቡና ለማግኘት ስድስት ኪሎ ያህል ቀይ እሸት ይፈልጋል፤ እሸቱን ለማጠቢያ ጣቢያ አስረክቦ የልጅ ደብተርና ሳሙና የሚገዛ ሰው ስንቱን ይቆነጥራል? ለከተማው ጀበና የሚደርሰው ከለቀማው የወደቀው ነው። የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ ይላል የእኛ ሰው፤ እዚህ ሰርዶው በመርከብ ይሄዳል፣ በሬው ምስጋና ይደርሰዋል። ስሙ ራሱ የእኛ ለመሆኑ እኮ ማመልከቻ ያስገባነው አሜሪካ ነው፤ ኢትዮጵያ በ2005 እ.ኤ.አ. ይርጋጨፌን፣ ሲዳሞንና ሐረርን በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ ጠይቃ፣ ከስታርባክስ ጋር ስትነታረክ ቆይታ በ2007 ተስማማች። ስማችን እዚያ ከተመረመረ ምላሳችን እዚያው ቢመረመር ምን ይገርማል?

የሚገርመው የኢንስፔክተሩ ንዴት ነው። ዲላ ካፌ ገብቶ ማኪያቶ የሚጠጣ ወጣት ሲያይ፣ «በይርጋጨፌ ደጃፍ!» ብሎ ራሱን ይይዛል። ወጣቱ የሚጠጣው የተረፈውን ነው፤ ወተት የጨመረበትም ስለዚህ ሊሆን ይችላል። ቬትናም በቡና ምርት ከዓለም ሁለተኛ ናት፣ አብዛኛው ሮቡስታ ነው፣ ሕዝቧም ወፍራም የቆርቆሮ ወተት ደፍቶበት ይጠጣዋል፤ ኤደን ሴንተር ውስጥ ይህንኑ ሲያቀርቡለት ኢንስፔክተራችን ዓይኑን ጨፍኖ «ኦሪጅናል!» ይላል። የእነሱ ወተት ባህል፣ የእኛ ወተት ክህደት።

ባለ ሆቴሉ ግን ነጋዴ ነው፤ ቅያሜ አይዝም። ኢንስፔክተሩ ከቡሌ ሲመለስ ምናሌው ላይ አዲስ መስመር ተጨምሮ ጠበቀው፤ «ስፔሻል የጥንት ዋሳ»። ልጅቷን ገበያ ልኮ በማዳበሪያ ከተሞላው ቆጮ አስገዝቷል። የእንሰት ቅጠል ከሥሩ አነጠፈ፣ የሸክላ ሳህን ፈለገ፣ የአስተናጋጇን ፈገግታ ከለከለ፣ ምቹውን ወንበር አንሥቶ ዱካ አስቀመጠ። ዋጋውን ከክትፎው በላይ አደረገው። ኢንስፔክተሩ በመጀመሪያው ጉርሻ ዓይኑን ጨፈነ። በመጨረሻ! ስልኩን አወጣ፣ ቀረጸ፣ ጓዳ ገብቼ የሠሩትን እናት ካላመሰገንኩ አለ። ጓዳ ውስጥ የነበረው የሆቴል ሙያ ሠልጥኖ የተመረቀ ጎረምሳ ነው። ባለ ሆቴሉ በሩ ላይ ቆመና እናትየው ቆመው ስለዋሉ አሁን አረፍ ማለታቸውን ነገረው። ሒሳቡን ሲያቀርብም የቅጠሉን ለብቻ ጻፈው።