እሾሁ ወደ ውስጥ የዞረ አጥር

ተረት ተረት። የመሠረት።

በአምስት ወንዞች አገር ሚዳቋዎች ይኖሩ ነበር። ቀን በለምለሙ መስክ ይሰማራሉ፤ ሲመሽ ወደ ማደሪያቸው ይገባሉ። በዚያው አገር ቀበሮዎችም ነበሩ። ቀበሮ ሚዳቋን ሮጦ አይደርስባትም፤ ስለዚህ የሚያድናት በምላሱ ነበር። «እገሊት ትናንት ማታ ከመንገድ ወጥታ ጫካ ስትገባ ታይታለች» ይላል። ወሬው ከወንዝ ወንዝ ይሻገራል። በማግስቱ የሚዳቋዋ አባት አንገቱን ይደፋል፤ ወንድሟ ቀንዱን ይስላል፤ እሷ ምን እንዳጠፋች ሳታውቅ ከመንጋው ትባረራለች። ብቻዋን ስትንከራተት ያን ጊዜ ቀበሮው ያገኛታል።

ይህ በደል በዛ፤ የሚዳቋዎቹ እንባ ወደ ላይ ወጣ። ከላይም ሕግ ወረደ። ሕጉ አጭር ነበር፦ አንዲትን ሚዳቋ «ከመንገድ ወጣች» የሚል ሁሉ፣ ነገሩን በዓይናቸው በብረቱ ያዩ አራት ምስክሮች ያቁም። አራት ማቆም ያልቻለ ሰማንያ ጅራፍ ይገረፍ፤ ከእንግዲህም ቃሉን ማንም አይቀበለው።

ሚዳቋዎቹ ይህን ሕግ በማደሪያቸው ዙሪያ አጥር አድርገው ተከሉት። አራት ምሰሶ አቆሙ፤ በምሰሶዎቹ መካከል የግራር እሾህ አጠሩ፤ የእሾሁን ጫፍ ሁሉ ወደ ውጭ፣ ቀበሮዎቹ ወደሚመጡበት አዞሩት። ከዚያ ወዲህ ቀበሮ አፉን ከመክፈቱ በፊት ጀርባውን ማሰብ ጀመረ። ብዙ ዘመን እንዲህ አለፈ። ሚዳቋዎቹ ሕጉን ይወዱት ነበር፤ የወደዱትም ፈርተውት ሳይሆን ስለጠበቃቸው ነው። አንባቢዬ፣ ከዚህ ተረት ሌላውን ብትረሳ እንኳ ይህችን እንድትይዝልኝ እፈልጋለሁ።

አንድ ሌሊት ነብር ተነሣና አንበሳውን ከዙፋኑ አወረደ። ሲነጋ እንስሳውን ሁሉ ሰብስቦ፣ «ዘጠና ቀን ብቻ ታገሡኝ፤ በዘጠና ቀን ውስጥ ገዢያችሁን ራሳችሁ ትመርጣላችሁ» አለ። ዘጠናው ቀን አለቀ። አንበሳው ተሰቀለ። ነብሩ ዐሥራ አንድ ክረምት ገዛ።

በጉልበት ዙፋን የያዘ ሰላማዊ እንቅልፍ የለውም። «በማን ፈቃድ ነው የምትገዛን?» የሚለው ጥያቄ ሌሊት ሌሊት ይመጣበታል። ነብሩ ለዚህ ጥያቄ መልስ ሲፈልግ አጥሩን አየ። በአገሩ ሁሉም የሚያከብረው፣ ማንም የማይደፍረው ነገር እሱ ነበር። «ይህ ቅዱስ ሕግ ተረስቷል፤ እኔ ላድሰው መጣሁ» ብሎ አወጀ። ማን ይከለክለው? «የተቀደሰውን አታድስ» ለማለት ማን አፍ አለው? ሽማግሌዎቹ በደስታ አለቀሱ፤ ጎረምሶቹ እሾህ ተሸከሙ። አጥሩ በአንድ ሌሊት ፈርሶ በዚያው ሌሊት እንደገና ታጠረ። ምሰሶዎቹ እነዚያው አራቱ ናቸው። እሾሁም ያው የግራር እሾህ ነው። ጫፉ ግን ወደ ውስጥ ዞሯል።

በዚያ ዘመን ዓይኗ በውል የማያይ አንዲት ልጅ እግር ሚዳቋ ነበረች። ቤተሰቧ ድሃ ስለሆነ በአንድ ባላባት ጎሽ ቤት ታገለግል ነበር። የጎሹ ልጅ ወጋት። ቀጥሎም አባትየው ወጋት። ቁስሏ መደበቅ የማይቻል ሲሆን አባቷ እየመራ ነጭ ላባ ለብሰው ወደሚያስችሉት ሽመላዎች ወሰዳት።

«ምን ሆንሽ፣ ልጄ?» አላት የዳኞቹ አለቃ።

«የጎሹ ልጅ ወጋኝ ጌታዬ። አባቱም ወጋኝ።»

«ማን አየ?»

«በራቸውን ዘግተው ነው ጌታዬ፤ ማን ያያል?»

«በዓይናቸው ያዩ አራት ወንዶች ያስፈልጋሉ።»

«አራት ወንዶች ቆመው እያዩ ካላስጣሉኝ፣ ለምስክርነት የሚበቁ ጨዋዎች ይባላሉ?»

ሽመላው ይህን አልመለሰም። «አንቺስ የወጋሽን አይተሽዋል?» ብሎ ጠየቃት።

«ዓይኔ አያይም። ድምፃቸውን ግን አውቀዋለሁ፤ ውኃ አምጪ፣ እሳት አንድጂ ሲሉኝ ነው የኖርኩት።»

«ድምፅ አይቆጠርም» አለ ሽመላው። ጎሹና ልጁ ማስረጃ አልተገኘባቸውም ተብለው በሰላም ወጡ። አባቷ እጇን ይዞ ሊሄድ ሲል ሽመላው፣ «እሷ ትቆይ» አለ። «የቀንድ ቁስል አለባት። ጎሽ እንደወጋት በራሷ አፍ ተናግራለች። ከመንገድ ካልወጣች ከጎሽ ጋር ምን አገናኛት? ቁስሏ ይመሰክርባታል።»

«ጌቶቼ፣ በእነሱ ላይ አራት ምስክር ጠየቃችሁ፤ በእሷ ላይ ቁስሏ ብቻውን በቃችሁ?» አለ አባቷ። ከችሎት አስወጡት።

እዚህ ላይ ተረቱን ላቁመው፤ ይህ የደረሰው በሚዳቋ ላይ አይደለምና። የአምስት ወንዞች አገር ፑንጃብ ናት፤ አገሩም ፓኪስታን ነው። ጄኔራል ዚያ ኡል-ሐቅ እ.ኤ.አ. በ1977 ሥልጣን ያዘ፤ በ1979 ሑዱድ የሚባሉትን ሕጎች አወጀ። በእነዚያ ሕጎች መሠረት ከሞላ ጎደል ዓይነ ስውር የሆነች አንዲት ወጣት የቤት ሠራተኛ፣ አሠሪዎቿ ደፍረዋት ስትወልድ መውለዷ በዝሙት ማስረጃ ሆነባት። ሦስት ዓመት እስራትና 15 ጅራፍ ተፈረደባት፤ ወንዶቹ ነፃ ወጡ። በአገር ውስጥም በውጭም ጩኸት ሲበረታ የፌዴራሉ የሸሪዓ ፍርድ ቤት ፍርዱን ሻረው። ሕጉ ግን እዚያው ቆመ፤ በ2002ም ዛፍራን ቢቢ የምትባል ሴት ተደፈርኩ ብላ ከስሳ በድንጋይ ተወግራ እንድትሞት ተፈርዶባት ነበር። ያም በይግባኝ ተሻረ።

እኔን የሚያንገበግበኝ ይህ ነው። ቁርኣን በሱረቱ አን-ኑር አራተኛው አንቀጽ አራት ምስክር የሚጠይቀው ጥብቅ በሆነች ሴት ላይ ጣቱን የሚቀስረውን ነው። ሰማንያው ጅራፍም የተዘጋጀው ለስም አጥፊው ጀርባ ነው። ከዚያ አንቀጽ ተነሥቶ የተደፈረችን ሴት «አራት ወንድ አምጪ» እስከ ማለት ያለው መንገድ ረጅም ነው፤ ያን መንገድ የሄደው ሰው ነው፣ መለዮ የለበሰ ሰው። ስለዚህ አንዲት ሙስሊም ሴት በፍርድ ቤት ደጃፍ ቆማ በምሬት ስትጮህ እምነቷ ከበዳት አልልም። የምትጮኸው አምስት ጊዜ የምትሰግድለት አምላክ ስም በጎሹ እጅ ስለገባ ነው። ምሬቷን መራራ የሚያደርገውም ይኸው ነው፤ ሕጉ የጠላት ቢሆን ኖሮ ጥላው መሄድ በቻለች።

ወደ ተረቱ ልመለስ።

ነብሩ የአጥሩን እሾህ ካዞረ በኋላ ደግሞ፣ ሽመላዎቹ «ከመንገድ የወጣች በድንጋይ ትወገር» የሚለውን እንዲመረምሩ ተጠየቁ። ሽመላዎቹ የወረደውን ሕግ ከዳር እስከ ዳር አነበቡ፤ አብዛኞቹም፣ «ይህ በዚህ ውስጥ የለም» ብለው ፈረዱ። ነብሩ ፍርዱን አልቀደደም፤ ሽመላዎቹን ቀየረ። በተከታዩ ዓመት አዲሶቹ ሽመላዎች ያንኑ ጽሑፍ አንብበው «አለ» አሉ። ይህንንም ከራሴ አልፈጠርኩትም፤ የመጀመሪያው ፍርድ በ1981 ተሰጠ፣ በ1982 ተገለበጠ። ጽሑፉ ያው ነበር።

ነብሩ ቀጠለ። «ከእንግዲህ የሁለት እንስቶች ምስክርነት እንደ አንድ ተባዕት ይቆጠር» የሚል ረቂቅ አዘጋጀ። ያን ጊዜ እንስት ሚዳቋዎች አደባባይ ወጡ። ከፊት ከፊት የሚሄዱት ሕጉን ከሽመላዎቹ በተሻለ ያጠኑ ነበሩ። ጅቦች ዱላ ይዘው፣ ዓይን የሚያቃጥል ጭስ እየነፉ ጠበቋቸው። ስለ ድሆች የሚዘምር አንድ ገጣሚ ወፍ አብሯቸው ወጥቶ ነበርና እሱንም ደበደቡት። እነዚህን በተረት ስም ሸፍኜ ማለፍ አልፈልግም። ቀኑ ፌብሩዋሪ 12፣ 1983 ነው፤ ከተማዋ ላሆር ናት፤ ገጣሚው ሐቢብ ጃሊብ ነው። የተደበደቡት ሴቶች ብዙ ናቸው። ለዘመኑ ሴቶች ጥብቅና የቆሙት እህትማማቾች አስማ ጃሃንጊርና ሂና ጂላኒ ይባላሉ። ፓኪስታን ዛሬ ያን ቀን የሴቶች ቀን ብላ ታከብረዋለች።

በዐሥራ አንደኛው ክረምት ነብሩ ከከፍታ ወድቆ ሞተ። ሚዳቋዎቹ አጥሩ አብሮት የሚወድቅ መስሏቸው ነበር። አልወደቀም። የተሰቀለው አንበሳ ሴት ልጅ ሁለት ጊዜ ዙፋን ላይ ወጣች፤ ሁለት ጊዜም ወረደች፤ አጥሩን አልነካችውም። ልትነካው ብላ እጇን በዘረጋች ቁጥር፣ «ከላይ የወረደውን ልታፈርስ ነው!» የሚል ጩኸት ይነሣ ነበር።

ከነብሩም የከፋ ሌላ ነገር መጣ፦ እሾሁ ሲዞር ያላዩ ልጆች ተወልደው አደጉ። ለእነሱ አጥር ማለት ከጥንት ጀምሮ ወደ ውስጥ የሚወጋ ነገር ነው። አሮጊቶቹ፣ «ልጆቼ፣ ድሮ እኮ ወደ ውጭ ነበር የሚወጋው» ሲሏቸው፣ «ሃይማኖታችንን ልታስለውጡን ነው?» ይሏቸዋል። የሚወጋቸውን እሾህ ሲስሙት አሮጊቶቹ ፊታቸውን ያዞራሉ። ቀበሮዎቹም ደርሰውበታል። ከጎረቤቱ ጋር በውኃ የተጣላ ቀበሮ፣ ያልፈለገችው ሚዳቋ ያናደደችው ቀበሮ፣ ያለ ፈቃዱ ልጁ ያገባችበት አባት፣ ሁሉም ወደ አጥሩ እየመጣ ስም ይጥላል፤ እሾሁ የቀረውን ይሠራል። ምስክር ያልተገኘላት እንኳ እስኪጣራ ተብላ ዓመታት ታስራ ትቆያለች። ጥቂቶች ብቻ ተገረፉ ብሎ የሚከራከር አለ፤ እኔ ግን በር ተዘግቶባት የተረሳችውንም እቆጥራለሁ፣ ሳትከስስ ቁስሏን ይዛ የሞተችውንም።

በሃያ ሰባተኛው ዓመት ግን የአጥሩ አንድ ጎን ተነቀለ። ጎሽን የከሰሰች ሚዳቋ ራሷ ተከሳሽ መሆኗ ቀረ፤ «ከመንገድ ወጣች» የሚልም አስቀድሞ አራት ምስክሮቹን ይዞ ዳኛ ፊት ይቅረብ ተባለ። ይህ የ2006ቱ የሴቶች ጥበቃ ሕግ ነው። «ሃይማኖት ፈረሰ» ብለው የጮኹ ነበሩ። የሆነው እሾሁ ወደ ቀድሞ አቅጣጫው መመለሱ ነው።

ሌሎቹ ጎኖች ቀርተዋል። በደም በኩል ያለው ጎን ከሁሉ ይከፋል። የሟች ወገን ገዳዩን ይቅር ማለት ይችላል የሚለው ሕግ ደም በደም እየተመለሰ ዘር እንዳያልቅ የተሰጠ ምሕረት ነበር። ወንድም እህቱን «አዋረደችን» ብሎ ሲገድላት ግን የሟች ወገን ማን ነው? አባትየው ነው። አባት ልጁን ይቅር ይላል፤ እራት አብረው ይበላሉ። በ2016 አገሪቱ ይህን ቀዳዳ ለመድፈን ሕግ አውጥታለች፤ ቤተሰብ ይቅር ቢልም ገዳዩ ዕድሜ ልክ ይታሰራል ይላል። ነገር ግን ገዳዩ «ለክብሬ ነው» ማለቱን ትቶ «ስለ መሬት ተጣላን» ካለ ወደ ድሮው ይቅርታ የሚመልሰው መንገድ አሁንም አለ። ሚዳቋዎቹ ይህን ያውቃሉ። ስለዚህ በዚያ ጎን ዛሬም እሾህ እየነቀሉ ነው፤ መዳፋቸው ይደማል።

የአጥሩ አንድ ጎን በተነቀለበት ዓመት ሌላ ጎሽ ሌላ ልጅ እግር ሚዳቋ ወጋ። ልጅቷ ሽመላዎቹ ፊት ቀረበች፤ ምስክር አለሽ ወይ ሲሏት አንዲት አሮጊት ሚዳቋ በዱላዋ መሬቱን እየዳሰሰች ከኋላ መጣች። ጸሐፊው አያትና፣

«እማማ፣ እርስዎ እኮ ዓይንዎ አያይም። ምን አይተው ነው የሚመሰክሩት?» አላት።

«በግድግዳው ወዲያ ማዶ ነበርኩ» አለችው። «እሷ ስትጮህ ሰምቻለሁ። እሱም ዝም በይ ሲላት ሰምቻለሁ። ድምፁን አውቀዋለሁ።»

ጸሐፊው ወደ ዳኞቹ ቀና አለ። የዳኞቹ አለቃ ወጣት ሽመላ ነበር፤ ጥቂት አሰበና፣ «ይመዝገብ» አለ።

«እንግዲያው ስሙን ልንገርህ» አለች አሮጊቷ ወደ ጸሐፊው ዞራ። «ከአባቱ ስም ጋር ጻፈው።»