ቀላል ነው አሉኝ

በዚህ ዕድሜዬ ከአማርኛ ቃል ሁሉ የምፈራው «ቀላል ነው» የሚለውን ነው። ሐኪም «ቀላል ነው» ካለ መርፌ አለ። ቧንቧ ሠሪ «ቀላል ነው» ካለ ግድግዳ ሊፈርስ ነው። በሰባ አንድ ዓመቴ ፒያኖ ልማር ብዬ ከተነሣሁ ወዲህ ደግሞ ቃሉ በየመጽሐፉ ሽፋን ላይ ተቀምጦ ይጠብቀኛል፦ ለጀማሪ ቀላል ዜማዎች፤ ለፍጹም ጀማሪ በጣም ቀላል ዜማዎች። «ፍጹም ጀማሪ» የተባልኩት እኔ ነኝ። በሕይወቴ ፍጹም ስባል ይሄ የመጀመሪያዬ ነው።

ጥፋቱ የልጄ ነው። ከአሜሪካ ስትመጣ «አባባ፣ ጡረታ ወጥተው ከዜና ጋር ሲጣሉ ከሚውሉ» ብላ ኪቦርድ ይዛልኝ መጣች። ሙሉ ፒያኖ 88 ቁልፍ ነው፤ 52 ነጭ፣ 36 ጥቁር። የእኔው 61 ብቻ ነው። ቅር አላለኝም፤ 61ዱንም አዳርሼ የምሞት አይመስለኝም። ባለቤቴ ግን ረከቦቷ ከመስኮቱ ሥር ተነሥቶ ወደ ጓዳ ከተሰደደ ጀምሮ ዕቃውን በስሙ ጠርታው አታውቅም፤ «ያ ነገር» ነው የምትለው።

እኔማ ልቤ አብጦ ነበር። ሠላሳ ዓመት በአማርኛ ታይፕ ደብዳቤ ስመታ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ጣቴን ምን ይከብደዋል ብዬ። ለካ ታይፕና ፒያኖ ደመኞች ናቸው። ታይፕ ላይ ሁለት ፊደል አንድ ላይ ከመታህ ብረቶቹ ይቆላለፋሉ፤ በጣትህ ስታላቅቅ ቀለሙ እጅህ ላይ ይቀራል። ፒያኖ ደግሞ ሦስቱን አንድ ላይ ካልመታህ ያኮርፋል። አውራ ጣትስ? ታይፕ ላይ ክፍት ቦታ ከመምታት ሌላ ሥራ አልነበረውም። እዚህ ቁጥር 1 ብለው ሾመውታል። ሠላሳ ዓመት ሲተኛ የኖረ ጣት በአንድ ቀን አለቃ ሆነ።

አስተማሪዬ ሙዚቃ የተማረ የሰፈር ልጅ ነው። ጨዋ ነው፤ ስሳሳት ወደ መስኮቱ ያያል። የመጀመሪያ ቀን «አባባ፣ ምን መጫወት ይወዳሉ?» አለኝ። ይሄ ጥያቄ ነው ያጠፋኝ። የተራበን ሰው ገበያ መሀል አቁሞ «ምረጥ» እንደ ማለት ነው። እኔም አፌ እንዳመጣልኝ «ፉር ኤሊዝ» አልኩት።

ቤትሆቨን ይህን የጻፈው በፈረንጆቹ 1810 ነው። እሱ በ1827 ሞተ፤ ዜማው የታተመው በ1867። ሰውዬው በሕይወቱ ሳያወጣው ቀረ ማለት ነው፤ ምናልባት ለእኔ አዝኖ ይሆናል። መጀመሪያው እውነትም ያታልላል። ሁለት ቁልፍ ላይ ወዲያ ወዲህ፣ ልክ እንደ ዥዋዥዌ። በሦስት ሳምንት ያቺን ቁራጭ ያዝኳት። ገጹን ስገልጥ ግን መሀሉ ላይ ኖታው እንደ ጉንዳን ሰልፍ ጠቁሮ ጠበቀኝ። መጽሐፉን ዘጋሁትና መጀመሪያዋን ብቻ እደጋግም ጀመር። ይሄኔ ባለቤቴ ከጓዳ ብቅ ብላ የልጅ ልጃችንን እጇን ይዛ ወደ ግድግዳ አስጠጋቻት። ለካ የጎረቤታችን አይሱዙ ወደ ኋላ ሲሄድ የሚያሰማው ዜማ ይሄው ኖሯል። መኪናው ግቢ የገባ መስሏት ነው።

«እንግዲያው ይቺን እንሞክር» አለ ልጁ፤ ሜኑዌት በሶል ሜጀር። የባህ ሁለተኛ ሚስት የአና ማግዳሌና የ1725 የሙዚቃ ደብተር ውስጥ ያለች ናት። ዓለም ሁሉ የባህ ናት ሲል ኖሮ የክርስቲያን ፔትሶልድ ሆና ተገኘች። አባቷን ለማወቅ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ የፈጀች ዜማ፣ እኔ ጋ ስንት ትፍጅ? ቀኝ እጅ ይዘፍናል፤ ግራ እጅ ማጀቡን ትቶ የራሱን ወሬ ያወራል። ሁለት ምራት በአንድ ጓዳ። ተውኳት።

ከዚያ «ሞዛርት ራሱ ለጀማሪ ብሎ የጻፈው አለ» አለኝ። ደስ አለኝ፤ ባለቤቱ ከመሰከረ ምን ቀረ! በዶ ሜጀር የተጻፈው ሶናታ ነው፣ ኬ 545 የሚሉት። እውነትም በ1788 በገዛ እጁ መዝገቡ ላይ ለጀማሪዎች ብሎ አስፍሮታል። አራት ባር በሰላም ሄድን፤ በሰላም ስል ግራ እጄ እንደ ወፍጮ ሲሽከረከር ማለቴ ነው። አምስተኛው ላይ ቀኝ እጁ ሽቅብና ቁልቁል ይሮጥ ጀመር። እስቲ ፍረዱኝ፤ ይህ ሰው በአምስት ዓመቱ ሙዚቃ የደረሰ ሰው ነው። ጀማሪ ሲል ማንን አይቶ ነው? ንስርን ቀላሉ መንገድ የቱ ነው ብትለው ሰማዩን ነው የሚያሳይህ።

ልጁ ሊያጽናናኝ «አባባ፣ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» አለኝ። እንቁላሉማ በእግሩ ሄዶ፣ ዶሮ ሆኖ፣ ለፋሲካ ወጥ ተሠርቶ ተበላ። አምስተኛው ባር ላይ የቀረሁት እኔ ነኝ።

ነገሩ ቆይቶ ነው የገባኝ። እነዚህ መጽሐፍ አዘጋጆች ቀላልነትን የሚለኩት በዓይን ነው፤ ገጹ ነጣ ካለ ቀላል ነው ይላሉ። እኔ በጣቴ የለካሁት ሌላ ነው። እጅ አንዴ ከተቀመጠ በኋላ የማይነሣበት ይሁን። ሁለቱ እጆች በየተራ ይናገሩ፤ ባንዴ አይንጫጩ። ከሁሉ በፊት ደግሞ ጆሮዬ ቀድሞ የሚያውቀው ይሁን። የማውቀውን ዜማ ጣቴ ሲያበላሽ ጆሮዬ ራሱ ይቆጣዋል፤ አስተማሪ አያስፈልግም። የማላውቀውን ሳበላሽ ግን የፈረንጅ ጠባይ ነው ብዬ አልፈዋለሁ።

የዘጠነኛው ሲምፎኒ የደስታ ዜማ ለዚህ ይቀርባል። ቤትሆቨን በ1824 ለሕዝብ ሲያቀርበው ጆሮው አይሰማም ነበር፤ ጎረቤቶቼ በዚህ ይቀኑበታል። ከዶ እስከ ሶል ባሉት አምስት ነጮች ላይ አምስት ጣትህን ከዘረጋህ ዜማው እዚያው እጅህ ሥር ነው፤ አብዛኛውም ከአጠገብ ወደ አጠገብ ነው የሚራመደው። ሦስተኛው ስንኝ መጨረሻ ላይ ግን አንዴ ዘሎ ወደ ታችኛው ሶል ይወርዳል። እዚያች ጉድጓድ ውስጥ አሥር ቀን ኖሬአለሁ። የዘጠኝ ዓመቷ የልጅ ልጄ ከኋላዬ ቆማ «አባባ፣ እዚህ ጋ ተሳስተሃል» አለችኝ። ተሳስተሃል! በእኛ ጊዜ አያትን «አንተ» ማለት ቀርቶ «ተሳስተዋል» ማለትም አልነበረም።

ከፈረንጆቹ ሐቀኛው የሃንጋሪው ባርቶክ ነው። «ሚክሮኮስሞስ» ብሎ 153 ቁራጭ በስድስት መጽሐፍ አዘጋጀ፤ የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ለልጁ ለፒተር አበረከተ። መጀመሪያ ላይ ሁለቱም እጅ ያንኑ አንድ ዜማ ነው የሚጫወተው። ወላጅ የጻፈው መሆኑ ያስታውቃል። ግን ምን ያደርጋል፣ ቁሌት ያልበዛበት ሽሮ ነው፤ ያጠግባል እንጂ አያስመሰግንም።

በመጨረሻ ዕድር ላይ አንዱ ወዳጄ «ፈረንጅ ምን ያደርግልሃል? የእማሆይ ጽጌማርያም ገብሩን አትጫወትም? ዝግ ያለ ነው» አለኝ። እማሆይን ማን ይጠላል! በፈረንጆቹ 1923 አዲስ አበባ ተወልደው፣ በልጅነታቸው ስዊዘርላንድ ቫዮሊን ተምረው፣ ኢየሩሳሌም በኢትዮጵያ ገዳም ኖረው በ2023 እዚያው አረፉ። ስልኬ ላይ ከፍቼ ሰማኋቸው። ኪቦርዱ ፊት ተቀመጥኩ። ተነሣሁ። ዝግ ያለ ሁሉ ቀላል ነው ያለው ማነው? ዓባይም ሜዳ ላይ ዝግ ብሎ ነው የሚሄደው፤ እስቲ ግባበት። እሳቸው አንዷን ኖታ ከመንካታቸው በፊት ትንንሽ ኖታዎች እንደ ቄጠማ ይጎዘጉዙላታል፤ ቆጠራቸውም በትንፋሽ እንጂ በሰዓት አይደለም።

ተናድጄ ዕቃውን ልሸፍነው ስል እጄ ጥቁሮቹ ላይ አረፈ። ጥቁሮቹ ሁለትና ሦስት፣ ሁለትና ሦስት እየሆኑ ነው የተደረደሩት። ግራ እጄን ሁለቱ ላይ፣ ቀኝ እጄን ሦስቱ ላይ አስቀመጥኩ። አምስት ጣት፣ አምስት ቁልፍ፣ የሚነሣ እጅ የለ፣ የሚዘለል ጉድጓድ የለ። አንዱን ነካሁ፤ አጠገቡን ነካሁ። ክራር! ወዲያው ልጁ ጋ ደወልኩ። ሳቀና «አባባ፣ አምስቱ ጥቁሮች እኮ ትዝታ ሜጀር ናቸው» አለኝ። «ነጮቹም ላይ አለልዎት፤ ላ፣ ሲ፣ ዶ፣ ሚ፣ ፋ ትዝታ ማይነር ነው፤ እነዚያኑ ከሚ ቢነሡ አምባሰል ይሆናል።»

«ታዲያ አራት ወር ሙሉ ይሄን ይዘህ የት ነበርክ?»

«ቀላል ስለሆነ ይንቁታል ብዬ ነው።»

እርግጥ ክራር የሚቃኘው በሰው ጆሮ ነው፤ ይሄኛው ተቃኝቶ የመጣው ከፋብሪካ ነው። ትዝታው ትንሽ ኮት የለበሰ ትዝታ ነው። ቢሆንም ያውቀኛል፤ አውቀዋለሁ።

ትናንት ማታ ጥቁሮቹን ይዤ፣ ዓይኔን ጨፍኜ፣ ጣቴን ሳልቆጥር ስሄድ ባለቤቴ የሽንኩርት ቢላዋ እንደያዘች መጥታ በሩ ላይ ቆመች። ልጅቷን ወደ ግድግዳ አላስጠጋችም። ድንገት መብራት ጠፋ።

«ምነው አቆምክ?» አለች በጨለማው ውስጥ።

በአርባ አራት ዓመት ትዳር «አቁም» እንጂ «ምነው አቆምክ» ብላኝ አታውቅም። ደንግጬ «ሻማ ፈልጊልኝ» አልኳት።

«ያ ነገር በሻማ ይሠራል እንዴ?»