ማርሻል ማውስ

«ጋሼ፣ ዛሬ ዋተርሎን አሸነፍኩ!»

«እንኳን ደስ ያለህ። ናፖሊዮን ቢሰማ ከመቃብሩ ተነስቶ ማውሱን ይቀማህ ነበር።»

የጎረቤቴ ልጅ ነው። የያዘው ጌም እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው «ናፖሊዮን፦ ቶታል ዋር» ነው። እንግሊዞች በሠሩት ጌም እንግሊዝን መደቆስ፣ ይሄስ ወግ ነው፤ አላማሁትም።

«ናፖሊዮን ያቃተውን አንተ በምን ቻልከው?»

«በስትራቴጂ!»

«በስትራቴጂ ነው ወይስ በፖዝ?»

ሳቀ። በእውነተኛው ዋተርሎ የእንግሊዙ አዛዥ ዌሊንግተን አብዛኛውን ጦሩን ከጉብታው ጀርባ ደብቆ ናፖሊዮንን ጢስ ሲያሳየው ዋለ። የኛ ማርሻል ካሜራውን ሰማይ ላይ ሰቅሎ ወታደሮቹን ከነመለዮአቸው ይቆጥራል።

«ትእዛዝህስ በስንት ሰዓት ይደርሳል?»

«ክሊክ ሳደርግ ነዋ!»

«ታድለህ! የናፖሊዮን ማርሻል ግሩሺ 33 ሺህ ያህል ሰው ይዞ ዋቭር ላይ ሲዋጋ፣ ከቀኑ 7 ሰዓት ላይ የተጻፈለት ደብዳቤ በፈረስ ተጉዞ ሲደርሰው 10 ሰዓት አልፎ ነበር። አንተ ጋ ኔትወርክ እንኳን አይቆራረጥም።»

«እኔ ግን እንደ ማርሻል ኔይ ፈረሰኛ ያለ እግረኛ ሰድጄ አላስፈጀሁም።»

«ያንተ ኔይ የት ያኮርፋል? ናፖሊዮን እኮ ከጠላቱም ከማርሻሎቹም ጋር ነው የታገለው።»

ጭቃውንም አነሳሁበት። ሌሊቱን የጣለው ዝናብ መሬቱን አረስርሶት መድፍ አላንቀሳቅስ ስላለ፣ ውጊያው የተጀመረው ረፋዱ 5 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። በዚያ መዘግየት የ72 ዓመቱ የፕሩሲያ ጦር አዛዥ ብሉኸር ዌሊንግተንን ሊረዳ መንገዱን አጋመሰ።

«ብሉኸር ሲመጣብኝ ሪስታርት አደርጋለኋ!»

«ናፖሊዮንን ሴንት ሄለና ደሴት አግዘው ነው ሪስታርት ያደረጉት። አንተ ስትሸነፍ የምትሄደው ራት ልትበላ ነው።»

የድሮው የጦር ጨዋታ እንዲህ አያሞላቅቅም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1824 ራይስቪትዝ የተባለ የፕሩሲያ መኮንን በካርታና በዳይስ የሚጫወቱት ጨዋታ ለጦር አለቆቹ አቀረበ። ተጫዋቹ ትእዛዙን ጽፎ ለዳኛ ይሰጣል፤ ዳኛው ደግሞ ወታደሮቹ ሊያዩ ከሚችሉት በላይ ትንፍሽ አይልም። ጨዋታውን ተቀብሎ ለሠራዊቱ ያስተዋወቀው ጄኔራል ሙፍሊንግ ዋተርሎ ላይ የፕሩሲያ አገናኝ መኮንን ሆኖ ከዌሊንግተን ጎን የዋለ ሰው ነው። ከጢሱ ውስጥ ምን ያህል እንደማይታይ ነጋሪ አያስፈልገውም።

ይህን ሁሉ ዘርግፌ ስጨርስ ልጁ ራሱን ነቀነቀ።

«ጋሼ፣ እርስዎ የናፖሊዮንን ስህተት ያዩት ከ200 ዓመት በኋላ ሶፋ ላይ ተቀምጠው አይደል እንዴ? የእርስዎ ካሜራ ከኔም ይርቃል!»

«ወዲያ ፈቀቅ በል! እንግሊዝን ለኔ ስጠኝ።»

«እሺ ጋሼ። ግን በቅድሚያ ማውሱን ያዙሩት፤ ገልብጠው ነው የያዙት።»