ፔጆዋ አትሸጥም

ሐረር ውስጥ ፔጆ 404 ያለውን ሰው ሀብታም ነው ለማለት ያስቸግራል፤ ድሃ ነው ብትሉት ደግሞ ይቀየማችኋል። ባለ ፔጆ ነው፤ በቃ።

ጠዋት ፈረስ መጋላ አደባባይ ላይ አግኝታችሁት «ስንት ትሸጣታለህ?» ብትሉት መልሱ አንድ ቃል ነው፦ «አትሸጥም።» ከምሳ በኋላ በርጫ ላይ ከጠየቃችሁት ግን ወሬው ይረዝማል። አንድ ፈረንጅ ሊገዛት መጥቶ ነበር። ዙሪያዋን እየዞረ ፎቶ ካነሣ በኋላ ዋጋ ጠራ። ጫቱ መሥራት ሲጀምር ዋጋው ከብር ወደ ዶላር ይዞራል፤ ምርቃናው ሲደርስ ዩሮ ይሆናል። «አቦ፣ ያባቴን መኪና? ሂድ አልኩት!» ፈረንጁን በዓይኑ ያየ ሌላ ሰው አይገኝም። የሚገርመው በየበርጫው ያው ፈረንጅ መጥቶ፣ ያው እምቢታ ደርሶበት መመለሱ ነው። እስካሁን ከከተማው መውጫ ያገኘ አይመስለኝም።

ኩራቱ ግን ከመሬት የተነሣ አይደለም። 404ን የነደፈው ፒኒንፋሪና የሚባለው የጣሊያን ቤት ነው፤ የፌራሪን ውብ ቅርጾች የሣለው ያው እጅ። ፈረንሳዮቹ እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 1975 ሲያመርቷት ያሰቡት ለሰላማዊ ቤተሰብ ነበር። እሷ ግን በ1963 በምሥራቅ አፍሪካ ሳፋሪ ራሊ 84 መኪኖች ተነሥተው 7 ብቻ ሲደርሱ አንደኛ ሆና ገባች። በ1966፣ በ1967 እና በ1968ም አሸነፈች። ስለዚህ ባለቤቷ «የውድድር መኪና ናት» ሲል አልዋሸም። የሐረሯ ፔጆ የተወዳደረችው ራሊ እንዲያውም ይከብዳል፦ ሰማያዊና ነጭ የታክሲ ቀለም ተቀብታ፣ ከወንበሯ በላይ ሰው ጭና፣ አንድ በግ ፖርታባጋጅ ውስጥ እየጮኸ፣ ከድሬዳዋ ተነሥቶ የደንገጎን ዳገት መውጣት። ለዚህ ዋንጫ የሚሰጥ የለም።

«ኦሪጅናል ናት» የሚለው ግን ትንሽ ይፈተሽ። ኮፈኑ ሲከፈት ካርቡሬተሩ የጃፓን ነው። ራዲያተሩን የሠራው ብየዳ ቤት ነው። ፒስተኑ ቶርኖ ቤት ገብቶ ስንት ጊዜ እንደወጣ ቶርኖ ቤቱም ረስቶታል። ፓራፋንጎው በቀጥቃጭ መዶሻ ብዙ ጊዜ ተወልዷል። ኦሪጅናል ሆኖ የቀረው መሪው ሥር ያለው የማርሽ ዘንግ ነው፤ እሱንም የሚያስገባው የሚያውቃት ሰው ብቻ ነው፤ ሌላ ሰው ሦስተኛ ፈልጎ የኋላ ማርሽ ያገኛል። ሞተሯ ወደ ጎን 45 ዲግሪ ጋደም ብሎ ነው የተገጠመው። ይህ የፋብሪካ ሥራ ነው። ሌላው መንጋደድ የሐረር ነው።

ሐረር ዕቃን በወግ ማኖር የማያውቅ ከተማ ቢሆን ባልከፋ። የሐረሪ ቤት ስትገቡ መሶቡና ሙዳዩ ግድግዳው ላይ በሥርዓት ተሰቅሎ ታያላችሁ፤ የእናት፣ የአያት እጅ ነው። ፔጆዋን ግን ማን ይሰቅላታል? አሚር ኑር በ16ኛው ክፍለ ዘመን የጀጎልን ግንብ ሲያሠሩ መኪና ማቆሚያ አላሰቡም። ከአምስቱ የጥንት በሮች ሌላ ስድስተኛው ለመኪና ሲባል በ20ኛው ክፍለ ዘመን ቢከፈትም፣ አብዛኛው መተላለፊያ ሁለት ሰው ትከሻ ለትከሻ የሚታከክበት ነው። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2006 ጀጎልን በዓለም ቅርስነት መዘገበ፤ የቤቱ ቅርስ ግን ዛሬም ከግንቡ ውጭ ያድራል፤ ሌሊት አጠገቡ የሚያልፈው ጅብ ነው። መተላለፊያውን ባጃጅ ወረሰው፤ ተሳፋሪውንም ጭምር።

መቼም ታክሲ ሳለች ማንም ቅርስ ብሏት አያውቅም። ስትበላሽ ትሰደባለች፣ ትገፋለች፣ ትሠራለች፣ ትሄዳለች። ክፉ ቀን የመጣባት አባት ሲሞቱና ልጆች ሲያከብሯት ነው።

አንድ ቤት አውቃለሁ። ወራሾቹ ሰባት፣ ጎማዎቹ አራት ናቸው። ሊብሬው አሁንም በሟቹ ስም ነው፤ ስም ይዛወር የተባለ ቀን የማን ስም የሚል ጥያቄ ስለሚነሣ፣ ሟቹ ባለቤት ሆነው ቢቀጥሉ ለሁሉም ተመቸ። ታላቅየው ካናዳ ነው። ለእረፍት መጥቶ፣ በስልኩ የፈረንጅ አሮጌ መኪናዎችን ዋጋ እያሳየ ወንድሞቹን ሰበሰበ። ያወራላቸው ታሪክ እውነት ነው፦ ሮዤ ባዮን የሚባል የፈረንሳይ የጭነት ድርጅት ባለቤት ሙዚየም አቋቁማለሁ ብሎ መኪና ሲያከማች ኖረ፤ ንግዱ ሲወድቅ ግማሹ ተሸጠ፤ የቀረው በየዳሱ ሥር ዛገ። የልጅ ልጆቹ እ.ኤ.አ. በ2015 ፓሪስ ላይ 59 መኪና ለጨረታ ሲያቀርቡ፣ አሮጌ መጽሔት የተከመረባት አንዲት ፌራሪ ብቻዋን ከ16 ሚሊዮን ዩሮ በላይ አወጣች። አቧራዋ እንኳ አልተጠረገም።

ከዚህ ታሪክ ወንድሞች የያዙት አቧራውን ነው።

የዚያኑ ሳምንት ፔጆዋ ከሥራ ወጣች፤ ጎማዋ ሥር ድንጋይ ገባ፤ ሸራ ለበሰች። «እንዳትነኳት!» ተባለ። እውነት ለመናገር ነካኋት የሚል አልመጣም። ቆማ የምትውል መኪና ግን ምንም ሳይነካት ነው የምትሞተው፦ ቤንዚኑ ካርቡሬተር ውስጥ ሙጫ ይሆናል፣ የፍሬን ሲሊንደሩ ይነክሳል፣ ጎማው በቆመበት ይጠፈጠፋል፣ አይጥ ወንበር ውስጥ ትወልዳለች። ደንገጎ ያልገደላትን ሸራው ገደላት። ወንድሞች ግን እያደር ኮሩ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አሮጌ መኪና ማስገባትን እሳት አደረገው፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ ቤንዚን የምትጠጣ መኪና ጨርሶ እንዳትገባ ተከለከለ። «አየህ፣ ከእንግዲህ እንደሷ ያለ አይገባም!» እሷም ከእንግዲህ አትወጣም።

ካናዳ ያለው በየሳምንቱ ይደውላል። «አስነሣትና ድምፅዋን አሰማኝ።» ታናሽየው፣ በባጃጅ የሚተዳደረው፣ መጀመሪያ ሰሞን ባትሪ ይዋስ ነበር። ከሰለቸው በኋላ ሌላ ዘዴ አገኘ። ዓርብ ከጁምዓ መልስ ስልኩን ይዞ ወደ ፈረስ መጋላ ይወርዳል፤ ቅርስ ሆና የማታውቅ፣ ተሳፋሪ የምትጣራ ሌላ ፔጆ አጠገብ ይቆማል፤ ሹፌሩን በጥቅሻ ነዳጅ እንዲሰጥ ይለምነዋል። ሞተሩ ይጮኻል። ካናዳ ላይ ዝም ይባላል፤ ከዚያ የታፈነ ድምፅ ይመጣል።

«ያባዬ መኪና! አየህ፣ ስትጠበቅ እንዲህ ናት።»

«አዎ ወንድሜ» ይላል ታናሽየው፤ «የዘይት መቀየሪያ ግን ላክ።»