ቪትዜን ሳከሳት

አዲስ አበባ ውስጥ ቪትዝ የሚነዳ ሰው ዘመዶቹ ሜዳ ላይ ቢኖሩለት ደስ ይለዋል። የእኔ አክስት ግን የምትኖረው ከሽሮ ሜዳ በላይ፣ ወደ እንጦጦ በሚወስደው ዳገት ወገብ ላይ ነው። ዳገቱ ሥር በሁለተኛ ማርሽ እነሳለሁ፤ ብዙም ሳልቆይ አንደኛ አስገባለሁ፤ ከዚያ በኋላ የሚቀረኝ ጸሎት ብቻ ነው። አንድ ጠዋት ሽቅብ የሚሮጥ ልጅ አጠገቤ ደረሰና ኮፈኗን መታ መታ አድርጎ፣ «አይዞሽ!» ብሏት አለፈ። እኔን ቀና ብሎም አላየኝ።

መኪናዋ ምን ታድርግ? ቶዮታ ቪትዝን እ.ኤ.አ. በ1999 ገበያ ላይ ሲያወጣት የሰጣት ሞተር 997 ሲሲ ነው። ጉልበቱም ወደ 70 የፈረስ ጉልበት። አውሮፓ ላይ ያሪስ ተብላ በ2000 የዓመቱ ምርጥ መኪና ሆና ተሸልማለች። ዳኞቹ ሽሮ ሜዳን አልወጡም እንጂ!

እነዚያ 70 ፈረሶች የተቆጠሩት በባሕር ጠለል አየር ነው። አዲስ አበባ ደግሞ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ተቀምጣለች፤ እዚህ የአየሩ ግፊት ሩብ ያህል ይቀንሳል። ሞተር ቤንዚን ብቻውን አይበላም፤ የሚያቃጥልበት ኦክስጅን ሲያንሰው ጉልበቱም አብሮ ያንሳል። ስለዚህ ከ70ዎቹ ውስጥ 17 ያህሉ ፈረሶች ጅቡቲ ወደብ ላይ ቀርተዋል፤ እኔ ቀረጥ የከፈልኩት ግን ለሁሉም ነው። አትሌቶቻችን እንጦጦ ላይ ሲሠለጥኑ ቀይ የደም ሴላቸው እየበዛ ስስ አየሩን ይለምዱታል። ቪትዝ ግን የቱንም ያህል ዓመት እዚህ ብትኖር አትለምድም።

«ጋሼ፣» አለኝ የሠፈራችን መካኒክ፣ «ፈረስ መጨመር ውድ ነው። ጭነቱን እንቀንስላት።»

ይህ ሐሳብ የእሱ ብቻ አይደለም፤ ትልልቆቹም ያሰቡት ነው። ሎተስን የመሠረተው እንግሊዛዊው መሐንዲስ ኮሊን ቻፕማን ዕድሜ ልኩን ሲታገል የኖረው ከክብደት ጋር ነው። በ1957 ያወጣው ሎተስ ሰቨን በር እንኳ የለውም። ተሰርቆ ወይም ወልቆ አይደለም፤ ሲጀመርም አልተሠራለትም። ፌራሪም በ1987 የ40ኛ ዓመቱን በዓል አስቦ ያወጣው ኤፍ 40 ምንጣፍ የለው፣ ሬዲዮ የለው፤ በሩ ከውስጥ የሚከፈተውም ገመድ ተስቦ ነው።

ይህን ሳውቅ ቀጥ ብዬ ተቀመጥኩ። በገመድ የሚከፈት በር! እኛ እኮ ወለሉ የተራቆተ፣ የበሩ ልባስ ወልቆ ቆርቆሮው የሚታይ፣ መስኮቱ በፒንሳ የሚወርድ፣ በሩ በሲባጎ የሚሳብ ሚኒባስ ስንሳፈር ያደግን ሰዎች ነን። ጣሊያኖቹ ለሚሊየነር የቸበቸቡትን ዕቃ ረዳቱ በታክሲ ዋጋ ሲያቀርብልን፣ «ይቺ ውራጅ!» እያልን ስንሰድበው ኖረናል። ልዩነቱ ወዲህ ነው፤ ፌራሪ በጣለው ክብደት ፈጠነበት፣ የእኛ ሰው ደግሞ በጣለው ክብደት ፋንታ ትርፍ ጫነበት። «ጠጋ ጠጋ በሉ፣ አንድ ሰው ነው!» የሚለውን የረዳት ጥሪ ጣሊያን ውስጥ የሚያውቀው መሐንዲስ ያለ አይመስለኝም።

ሥራው ከኋላ ዕቃ መጫኛዋ ተጀመረ። መካኒኩ ከፍቶ ሲያይ ዝም አለ። ለራዲያተሩ ብዬ የያዝኩት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን አለ፤ ከነውሃው። የሞተ ባትሪ አለ፤ አንድ ቀን እሸጠዋለሁ ብዬ። ከሁሉ ያስገረመው ዳገት ላይ ስቆም ጎማ ሥር የማደርገው ድንጋይ ነው። «ጋሼ፣ ዳገቱ ላይ ድንጋይ አይጠፋም እኮ!» አለኝ። አይጠፋም፤ ግን የሚያምኑት ድንጋይ ሌላ ነው።

ድንጋዩ ወረደ። ጣሪያው ላይ ያለ ሥራ ንፋስ ሲጋፋ የኖረው ፖርቶ መጋላ ተፈታ። የኋላ መቀመጫው ወጥቶ ጋራዡ ጓዳ ገባ። «ብሎን እንኳ ትመዝናለች ጋሼ፣» እያለ ልጁ አንዷንም ትርፍ ብሎን አላልፍ አለ። ስኮርታውን ሊያወርድ ሲል ግን እጁን ያዝኩት። የእኛ ከተማ መንገድ ጎማ ሲበላ ስለ ክብደት አይጠይቅም። ቤንዚንም ግማሽ ታንከር ብቻ ልቅዳ ብሎ ነበር፤ ሊትሩ 750 ግራም ገደማ ስለሚመዝን። ሰልፉን የሚያውቅ ሰው ይህን ምክር አይሰማም፤ ቤንዚን በተገኘ ዕለት ሙሉ ነው!

ከዚያ ወረቀት አውጥቼ ሂሳብ ሠራሁ። ቪትዝ ባዶዋን ወደ 850 ኪሎ ትመዝናለች። ባሕር ዳርቻ ላይ ብትሆን አንዱ ፈረስ የሚደርሰው 12 ኪሎ ነበር፤ እዚህ ግን ከ53ቱ ፈረሶች እያንዳንዱ 16 ኪሎ ይሸከማል። ጅቡቲ የቀሩትን ለማካካስ ከ200 ኪሎ በላይ መጣል አለብኝ። የጣልነው ሁሉ ተደምሮ 65 ኪሎ ያህል ሆነ። ባለቤቴ ወረቀቱን ከትከሻዬ በላይ አየችና፣ «ሾፌሩስ ስንት ይመዝናል?» አለችኝ። ጥያቄው ሳይንሳዊ ነው። መልሱን ከሁዳዴ ጾም በኋላ እንነጋገርበታለን ብዬ ወረቀቱን አጠፍኩት።

መካኒኩ ይህን ሁሉ ለፍቶ ሲያበቃ፣ ሰፋ ያለ የሚያብረቀርቅ ቸርኬ እንግዛላት ብሎ መጣ። እዚህ ላይ ተጣላን። ጎማና ቸርኬ ወደፊት መገፋት ብቻ ሳይሆን መሽከርከርም አለባቸው፤ ሞተሩ ለአንድ ኪሎ ሁለት ጊዜ ይከፍላል። ጎማው በቁመት ካደገ ደግሞ ማርሹ ይከብዳታል። «ግን ያምርባታል፣» አለኝ። ቻፕማን ይህን ቢሰማ ምን እንደሚል እንጃ።

እውነት ለመናገር ለውጡ ይታያል። ሜዳ ላይ እኩል ፍጥነት ይዞ ለሚሄድ ሰው 65 ኪሎ ብዙም አይታወቅም፤ እየፈጠኑ ሲሄዱ ዋናው ባላጋራ ንፋሱ ነው። ዳገት ላይ ግን እያንዳንዷን ኪሎ ሽቅብ ማንሳት አለ፤ መብራት ላይ ቆሞ መነሳትም ያው ነው። ፍሬኑም ቀለለው። ሁለተኛ ማርሽ ቀድሞ ከሚያልቅበት የሐበሻ ልብስ ሱቅ ሁለት ሱቅ ያህል አለፈ። ደስ ብሎኝ ጥሩምባ ነፋሁ።

ዘመድ ግን ባዶ ቦታ ከሩቅ ይሸተዋል። የኋላ መቀመጫ ሳላት ቪትዝ የቤት መኪና ነበረች፤ መቀመጫው ሲወጣ የዘመዱ ሁሉ ፒክአፕ ሆና አረፈችው። ድሮ «ሰው ሞልቷል» የምትል ምክንያት ነበረችኝ፤ አሁን እሷም ከመቀመጫው ጋር ጓዳ ገብታለች።

አክስቴ ደወለች። «የኔ ጌታ፣ ኋላዋ ሰፋ አሉኝ።»

«ለፍጥነት ነው፣ እቴቴ።»

«ተመስገን! እንግዲያ ቶሎ ትደርሳለህ። እህል በረንዳ አንድ ኩንታል ጤፍ አስመዝኛለሁ።»

65 ኪሎ ጥዬ 100 ኪሎ አነሳሁ። አክስቴም በርጩማዋን ይዛ ነው የመጣችው፤ ጤፉ አጠገብ ልትቀመጥ። ቀበቶ በሌለበት አይሆንም ብዬ በግድ ፊት አስቀመጥኳት፤ በርጩማው ኋላ ሄደ። ከዚያ በኋላ ያጎቴ ሽንኩርት መጣ፣ የጎረቤት የውሃ በርሜል መጣ፣ ለፋሲካ ደግሞ ሁለት በግ መጣ። አንደኛው መንገዱን በሙሉ ጆሮዬ ሥር ሲተነፍስ ነበር።

ቦሎ ሲደርስ መቀመጫውን ላስመልስ ጋራዥ ሄድኩ። መካኒኩ ከጓዳ እየጎተተ አወጣውና አቧራውን ማራገፍ ትቶ ቆመ።

«ጋሼ፣ ሳላስረው እሁድን ብቻ ቢያውሱኝ? ቤት ልቀይር ነው።»

«ዕቃህ ብዙ ነው?»

«ኧረ ቀላል ነው! አልጋ፣ የጋዝ ሲሊንደር፣ የእናቴ ምጣድ፣ ቁም ሳጥን። ቁም ሳጥኑን እፈታታዋለሁ።» ትንሽ አሰበና ጨመረ። «ብሎኖቹን በኪሴ እይዛቸዋለሁ፤ እሷን እንዳይከብዳት።»