ተቃቅፈው ምን ሊዘፍኑ ነው?

ፍቅር እንዴት እንደሚዘፈን የማያውቅ ትውልድ መጣብን። ይህን የምለው ከቅናት አይደለም። ሚስቴ ግን ከቅናት ነው ትላለች፤ እሷ እንግዲህ እኔ አፌን በከፈትኩ ቁጥር ከቅናት ነው ስትል የኖረች ሴት ናት። ዲላ ላይ የፍቅር ሙዚቃዊ ድራማ ሊታይ ነው ከተባለ የማልቀር ሰው ነኝ። ወንበሩ ፕላስቲክ ነው፣ ወገቤ ደግሞ ከፕላስቲክ ጋር ተጣልቷል፤ ቢሆንም እሄዳለሁ። ከፊት እቀመጣለሁ። ተናድጄ እመለሳለሁ።

የሚያናድደኝ ነገር አንድ ነው። መጋረጃው ሲገለጥ ልጁና ልጅቷ ተቃቅፈው ቆመዋል። ገና ስማቸውን ሳናውቅ! የማን ልጆች እንደሆኑ፣ የት እንደተያዩ፣ ማን እንደከለከላቸው ሳይነገረን ተቃቅፈው ይጠብቁናል። ከዚያ ዘፈን ይጀመራል። እኔም እዚያው ወንበሬ ላይ ሆኜ እጠይቃለሁ፤ ተገናኝታችኋል፣ ተቃቅፋችኋል፣ ከልካይ የላችሁም፤ ታዲያ ምኑ ነው የሚያስዘፍናችሁ? ሰው የሚዘፍነው እጁ ሳይደርስ ሲቀር ነው። እጁ ከደረሰማ ምን ቆርጦት ይዘፍናል?

ነገሩን ከሥሩ ካየነው፣ የአገራችን መድረክ ሲጀመር እንኳን መተቃቀፉ ሴቷ ራሷ አልነበረችም። ልጆች ሁሉ በቴሌቪዥን ተረት ሲነግሩ ያውቋቸው የነበሩት አባባ ተስፋዬ፣ ማለትም ተስፋዬ ሳህሉ፣ በወጣትነታቸው የሴት ገጸ ባሕርይ ሆነው ይጫወቱ ነበር፤ መድረክ ላይ ለመውጣት የምትደፍር ሴት ጠፍታ። እስቲ የዚያን ዘመን አፍቃሪ አስቡት። ሞትኩልሽ፣ ተቃጠልኩልሽ የሚላት ቆንጆ፣ ቀሚስ የለበሰ ባልደረባው ነው። ቴአትሩ ሲያልቅ አብረው ወጥተው ሻይ ይጠጣሉ። ይህ ሰው ማቀፍ አያዋጣውም፤ ቢያቅፍ አዳራሹ በሳቅ ይፈርሳል። ስለዚህ ያለችውን ድምፅ፣ ያለችውን ዓይን፣ ያለችውን ትንፋሽ አዋጥቶ ነው ፍቅር ይዞኛል ብሎ የሚያሳምነው። ትወና ማለት ያ ነበር። ኋላ አስናቀች ወርቁን የመሰሉ ሴቶች መጡልን። እሷማ ክራሯን ይዛ ቁጭ ስትል አጠገቧ ወንድ ማቆም ለምን ያስፈልጋል? የሌለውን ሰው በድምፅዋ ታመጣዋለች።

ሀገር ፍቅር በ1927 የተመሠረተ ቤት ነው። የዛሬው ብሔራዊ ቴአትር ደግሞ በ1948 በንጉሠ ነገሥቱ ስም ተከፈተ። እኔ ተማሪ ሆኜ አዲስ አበባ የደረስኩት ቤቶቹ ከሞቁ በኋላ ነው፤ ከትራንስፖርትና ከምሳ ቆጥቤ ነበር የምገባው። ኦርኬስትራው ኦርኬስትራ ነበር! የብሔራዊውን ሙዚቀኞች አርመናዊው ነርሲስ ናልባንድያን ነበሩ የሚቀርጿቸው፤ ክቡር ዘበኛ የራሱ ነበረው፣ ፖሊስ የራሱ ነበረው። ጥላሁን ገሠሠ ከሀገር ፍቅር ተነሥቶ ክቡር ዘበኛ ሲገባ የአንድ ድምፃዊ ዝውውር እንደ ሹመት ይወራ ነበር። ብዙነሽ በቀለና ማሕሙድ አሕመድ ሲቀባበሉ ደግሞ በሸክላ ነው የሰማናቸው፤ ማን የት እንደቆመ እንኳ አናይም። አለመተያየታችን ምን ጎደለብን? እሷ ስትለምን እሱ ሲኮራ፣ እሱ ሲለምን እሷ ስትኮራ፣ ሸክላው እስኪያረጅ ሰማናቸው።

ፍቅር ግድግዳ ይፈልጋል፤ የምለው ይህንን ነው። መንግሥቱ ለማ ይህን አውቆታል። «ያላቻ ጋብቻ» ላይ የተማረ የትልቅ ቤት ልጅ ከቤት ሠራተኛው ጋር ሲዋደድ፣ መሐላቸው ዘርና ማዕረግ ቆሟል፤ ሳቁም ጭንቁም ከዚያ ይወጣል። ከበደ ሚካኤል «ሮሜዎና ዡልዬት»ን ወደ አማርኛ ሲያመጡ የሁለት ቤት ጠብ አብሮ መጣ። አሜሪካኖች ያችኑ ታሪክ ወስደው፣ ሰፈሩን ኒው ዮርክ አድርገው፣ ዘፈን ጨምረው «ዌስት ሳይድ ስቶሪ» አሏት፤ ጠቡን ግን አልነኩትም። ጠቡ ከተነሣ ዘፈኑም ይነሣል። ሐዲስ አለማየሁስ? በዛብህና ሰብለ ወንጌል በፊታውራሪ መሸሻ ቤት ባይያዙ ኖሮ «ፍቅር እስከ መቃብር» ስንት ገጽ ይሆን ነበር? ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው ሰብለንም እሱ ነው፣ ፊታውራሪውንም እሱ ነው፣ ጉዱ ካሣንም እሱ ነው። አንድ ጢማም ወንድ ሰብለ ወንጌልን ሆኖ ሲናገር የቡና ነጋዴ ሲያለቅስ አይቻለሁ። የቡና ነጋዴ!

አሁን ወደ ዲላችን። በደራሮ፣ በጌዴኦ የዘመን መለወጫ በዓል ሰሞን፣ አንድ የወጣቶች ቡድን ሙዚቃዊ ድራማ አሳየን። የቡድኑን ስም አልጠራም፤ ልጆቹ የሰፈር ልጆች ናቸው፣ አንዱ እንዲያውም ፀጉሬን ይቆርጠኛል፤ ምላጭ የያዘ ሰው ደግሞ አይሰደብም። ታሪኩን ለወሬ ሲነግሩኝ ደስ አለኝ። የይርጋ ጨፌ ቡና ለቃሚ ልጅ፣ ዩኒቨርሲቲ የሚማር ጎረምሳ፣ ልጁን ለቡና ነጋዴ ሊድር ቃል የገባ አባት። ግድግዳው ተገነባ ማለት ነው። ከዚህ ውስጥ ስንት ዘፈን ይወጣል!

አንድም አልወጣም። አባትየው በሁለተኛው ትዕይንት መጣ፤ ተቆጣ፤ ልጁ ጊታር አነሣ፤ አባትየው ትከሻውን ነቀነቀ፤ ፈቀደ። ሽማግሌ እንኳ አልተላከም! እኔ ሴት ልጄን ስድር ሽማግሌ ደጋግሜ መልሻለሁ፤ ልጁ ክፉ ሆኖ አይደለም፣ እንዲያውም ከመጀመሪያው ቀን ወድጄዋለሁ፤ ግን ወግ አለ። ሽማግሌ ሲመለስ ልጁ አንድ ይዘፍናል፤ ልጅቷ በጓሮ አንድ ትዘፍናለች፤ እናትየዋ መሐል ገብታ አንድ ትላለች። ይህን ሁሉ ጥሎ አባት በጊታር ሲረታ፣ እኛ ትኬት የገዛነው ምን ልናይ ነው?

ከአባቱ የባሰ ደግሞ ጓሮው። መድረኩ ላይ የጌዴኦ ጓሮ ተሠርቷል ተባለ። ቀና ብዬ አየሁ። እንሰት ነው ብለው ያቆሙት ሙዝ ነው! ፍሬው ሳይቀር ተንጠልጥሎ! የሌላ አገር ሰው ቢሳሳት ይቅር እላለሁ፤ ከሩቅ ይመሳሰላሉ። ጌዴኦ ውስጥ ግን እንሰት ከሥሩ እንዴት እንደሚሰፋ፣ ቅጠሉ እንዴት ቀጥ ብሎ ወደ ላይ እንደሚወጣ ሕፃን ልጅ ያውቃል። ዩኔስኮ በመስከረም 2016 የጌዴኦን ባህላዊ መልክዓ ምድር በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ አንዱ ያየው ይህንኑ ነው፤ ከላይ ትልልቁ ዛፍ፣ ከሥሩ እንሰቱ፣ ከእንሰቱ ጥላ ቡናው። እኛ ያንን ለዓለም አስመዝግበን መጥተን ለራሳችን ሙዝ አቆምን።

ቡናውስ? ዕድሜዬን የጨረስኩት ማጠቢያ ጣቢያ ሚዛን ላይ ቆሜ እሸት ስቀበል ነው፤ ስለዚህ ይህንን ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። ጎረምሳው ለልጅቷ ፍቅሩን ለማሳየት ቡና ሊለቅምላት ገባ። ቅርንጫፉን ከግንዱ በኩል ይዞ እስከ ጫፉ ጎተተው። ቀዩም፣ አረንጓዴውም፣ ቅጠሉም ተግበስብሶ ቅርጫት ውስጥ ገባ። ልጅቷ ደግሞ ዓይን ዓይኑን እያየች ፈገግ ትላለች። የለቃሚ ልጅ ናት እኮ! ቀይ ቀዩን አንድ በአንድ በጣቷ ለቅማ ያደገች ልጅ ያንን ቅርጫት ስታይ ፍቅሩ እዚያው ሊበርድ ይገባው ነበር። እኔ ብሆን ያን እሸት ከሚዛን አስወርደው ነበር፤ ልጁንም አብሬ።

ዘፈኑ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። መጣ እንጂ አልዘፈኑትም፤ ድምፁ ጥግ ላይ ከተቀመጠ ላፕቶፕ ነው የሚወጣው። እነሱ ከንፈራቸውን ያንቀሳቅሳሉ። የልጅ ልጄ አጠገቤ ሆና፣ «አባባ፣ ፕሌይባክ ነው፤ ሕንዶችም እንደዚህ ነው የሚያደርጉት» አለችኝ። ሕንዶችማ! እኛ በሕንድ ፊልም ያለቀስን ሰዎች ነን። ሕንዶች ከንፈር ሲያንቀሳቅሱ ከጀርባ ላታ ማንጌሽካርን አስቀምጠው ነው፤ ከእነ ትንፋሿ፣ ከእነ ነፍሷ። ፊልም ደግሞ ፊልም ነው። እኔ ግን ከቤቴ ወጥቼ፣ ጭቃ ረግጬ የመጣሁት የሰው ጉሮሮ ለመስማት ነው።

በዚህ መሐል መብራት ሄደ። ዲላ ነውና ማንም አልደነገጠም። ዘፈኑ ግማሽ ቃል ላይ ተቆረጠ። ልጁ ትንሽ ከንፈሩን አንቀሳቀሰ፤ ከዚያ እሱም ተወው። ልጅቷ ዘወር ብላ ነጠላዋን ታስተካክል ጀመር፤ ሕዝቡ የስልክ መብራት አበራላት። ጄኔሬተሩ ተነሣ። ዘፈኑም ካቆመበት ግማሽ ቃል ቀጠለ፤ ልጅቷ መርፌ ቁልፍ በጥርሷ ይዛ፣ አፏን ግጥም አድርጋ፣ አዳራሹን በሚሞላ ድምፅ «እወድሃለሁ» አለችው። ጀርባዋን ሰጥታው ነው እንግዲህ ይህን ሁሉ የምትለው። ከኋላዬ አንድ የጭነት ሾፌር፣ ወደ ሞያሌ ሊወርድ ያደረ መሰለኝ፣ እስኪያስለው ሳቀ።

እውነት ለመናገር አንዲት ሰው ብቻ ቴአትር ሠርታለች። የልጅቷ እናት ሆና የተጫወተችው ሴትዮ። ማይክ አልሰጧትም። ዘፈንም አልጻፉላትም፤ ድርሻዋ ጥግ ላይ ተቀምጣ እንሰት መፋቅ ብቻ ነው። እንሰት ደግሞ የለም፣ ያለው ሙዝ ነው፤ ስለዚህ ባዶ ጣውላ ነበር የምትፍቀው። ልጅቷና ልጁ መሐል ላይ ሲተሻሹ እሷ መፋቂያዋን ይዛ ወደ ታች ስትስብ፣ በየስበቱ መጨረሻ ትንፋሿን ታወጣለች። ቀስ እያለች አንድ ነገር በጌዴኡፋ ማንጎራጎር ጀመረች፤ ከድርሰቱ ውጪ ይመስለኛል። ልጇ ወንድ እንደያዘች አውቃለች፣ ባሏ ሊቆጣ እንደሆነ አውቃለች፣ አንድም ነገር አትናገርም፤ መፋቂያው ብቻ እየፈጠነ ይሄዳል። አጠገቤ ያሉት እናቶች ሳያስቡት አብረው ማንጎራጎር ያዙ። ከላፕቶፑ ጋር እየተጋፋች ከኋላው ወንበር ድረስ ተሰማች። እኔ ሁለቱን ልጆች ረስቼ እሷን ነበር የማየው።

ቤት ስንገባ ክርክሩ ቀጠለ። የልጅ ልጄ ስልኳን አውጥታ፣ ፊቱን በጭንብል ሸፍኖ ምድር ቤት ውስጥ የሚኖር ሙዚቀኛ አንዲት ዘፋኝ ሲያፈቅር አሳየችኝ። «ፋንተም ኦቭ ዘ ኦፔራ» ይባላል። ኒው ዮርክ ላይ በጥር 1980 ተጀምሮ በሚያዝያ 2015 እስኪዘጋ 13,981 ጊዜ ታየ አለችኝ። «ያውልዎት የፍቅር ሙዚቃዊ ድራማ፤ ፈረንጅ ሰልችቶታል?» አለች፤ እኔን ልትረታ። እንዴ! ይህ እኮ የኔ ምስክር ነው። ሰውየው ልጅቷን አላገኛትም! ፊቱን ማሳየት አይችልም፣ ቀን መውጣት አይችልም፤ የቀረው ድምፅ ብቻ ነው፤ ስለዚህ ይዘፍናል፤ ስለዚህ 35 ዓመት ተሰለፉለት። በመጀመሪያው ትዕይንት ቢያቅፋት ኖሮ በሳምንቱ ይዘጋ ነበር። እግረ መንገዴን፣ በዚያው በ1980 የኛም ከያንያን «ሕዝብ ለሕዝብ» ብለው በረሃብ ዘመን ለደረሰልን ዓለም እስክስታቸውንና ዘፈናቸውን ይዘው ዞረው ነበር፤ ላፕቶፕ ይዘው የሄዱ አይመስለኝም።

«አባባ፣ ዘመኑ ተለውጧል፤ አሁን የሚከለክል አባት የለም» አለችኝ በመጨረሻ። ከልካይ ጠፋ? እኔ እዚህ ተቀምጬ? ከልካይ ሞልቷል፤ ሥራ መፈለግ ይከለክላል፣ የቤት ኪራይ ይከለክላል፣ የቡና ዋጋ ሲወርድ ሠርግ ይራዘማል። አንዱ ከተማ ያለ፣ አንዱ ባሕር ማዶ ያለ ስንት ጥንድ አለ! ሚስቴ እንደ ልማዷ «ተወው፣ ከቅናት ነው» ብላ መብራቱን አጠፋች፤ እኔ ገና አልጨረስኩም ነበር።

ለቡድኑ ልጆች፣ ይህን የምታነቡ ከሆነ፣ ልመናዬ ይኸው። በሚቀጥለው ጊዜ ስታሳዩ አባትየው ሽማግሌ ደጋግሞ ይመልስ። ቡና መልቀም ለጎረምሳው በነፃ አስተምረዋለሁ፤ ቅርጫቱን ይዞ ይምጣ። ማይኩን ለእናትየዋ ስጧት፣ ዘፈንም ጻፉላት። ሙዙን ለባለቤቱ መልሱ፤ ከኔ ጓሮ ሁለት እንሰት ነቅላችሁ ውሰዱ፣ ሚስቴን አስፈቅጃለሁ። ትኬቴን አስቀምጡልኝ፤ ከፊት።