«ተሠራ» የሚባል ሠራተኛ የለም

ሰሚት ኮንዶሚኒየም፣ እህቴ ቤት፣ ቅዳሜ ከሰዓት። ቡናው ቶና ላይ ደርሷል። የእህቴ ልጅ ማክሰኞ ጠዋት ቦሌ አንድ አማካሪ ድርጅት ለቃለ መጠይቅ ተጠርታለች። «ኬዝ» የሚሉትን የቢዝነስና የሒሳብ ጥያቄ ወር ሙሉ ስትለማመድ ከርማለች። ስለ ራሷ የሚጠየቀውን ግን «እሱማ ቀላል ነው ጋሼ፣ ስለ ራሴ አይደል?» ብላ ትታዋለች።

«ቀላል ከሆነ ተጠየቂ!»

«ልጠየቅ።»

«ሰው አሳምነሽ ሐሳቡን ያስቀየርሽበት ጊዜ አለ?»

«አዎ። የብሎካችን የውኃ ሞተር ተቃጥሎ ነበር። ተሰብስበን ተወያየን፣ ገንዘብ ተዋጣ፣ ሞተሩም ተሠራ።»

«ማን ሰበሰበ?»

«ኮሚቴው።»

«ማን አሠራ?»

«ያው… ተሠራ።»

«ልጄ፣ ‹ተሠራ› የሚባል ሠራተኛ የለም። ማክሰኞ የሚቀጥሩት እሱን ከሆነ አንቺ ምን ልትሠሪ ትሄጃለሽ?»

እህቴ ከረከቦቱ ቀና አለች። «ራሷን እንድታሞግስ ነው የምትመክራት? እኔ እንዲያ አድርጌ አላሳደግኳትም!»

«‹ሠራሁ› ማለት ምስክርነት እንጂ ሙገሳ አይደለም። ፍርድ ቤት ለምስክርነት ብትጠሪ ‹አየሁ፣ ሰማሁ› ነው የምትይው። ‹ታየ፣ ተሰማ› ካልሽ ዳኛው የሰው ስም መስሎት ‹አቶ ታየ ተሰማን አቅርቡልኝ› ይላል።»

እህቴ ሳቀች። ነገሩ ግን ያስቆጨኛል። ከዩኒቨርሲቲ በማዕረግ የወጡ፣ ሰፈር የሚያስተዳድሩ ልጆች ጠያቂ ፊት ሲቀርቡ በ«እኛ» እና በ«ተደረገ» ውስጥ ይደበቃሉ። ትሕትና ነው ይሉታል። ጠረጴዛው ማዶ ላለው ሰው ግን እጁ ላይ የሚቀረው ባዶ ወረቀት ነው፤ ባዶ ወረቀት ደግሞ ትሕትናን አይመዘግብም።

«ስለ ራስ መናገር የእኛ ባህል አይደለም» የሚለኝም አለ። ታዲያ «ዘራፍ!» ብሎ የተነሣው የማን አያት ነበር? ፎካሪው የራሱን ውሎ በራሱ አፍ ነው የሚናገረው፤ አብረውት የዋሉት እዚያው ቆመው ይሰሙታል፣ ያልዋለበትን ቢያነሣ ያሳፍሩታል። ሙግቱስ? በበላ ልበልሃ ዘመን ተሟጋች «ተጠየቅ!» ሲባል ቆሞ፣ ቃል መርጦ፣ ነጥብ በነጥብ ይመልስ ነበር። በሕዝብ ፊት ተጠይቆ መመለስ ዛሬ ከቦሌ ሕንፃዎች ጋር የመጣ ነገር አይደለም።

ማኪንዚን፣ ዳልበርግንና ዴሎይትን የመሰሉ አማካሪ ድርጅቶች አዲስ አበባ ቢሮ ከፍተዋል። በማማከር ሙያ ቃለ መጠይቅ ላይ ከኬዙ ጎን ለጎን ስለ ሰውየው የሚጠይቅ ክፍል አለ። ማኪንዚ የግል ልምድ ቃለ መጠይቅ ይለዋል። ጠያቂው አሥር ታሪክ አይሰማም፤ አንዱን ይይዝና «ከዚያስ? እሱ ምን አለ? አንቺስ ምን ብለሽ መለስሽ?» እያለ ይቆፍራል። ተሸምድዶ የመጣ መልስ በሦስተኛው «ከዚያስ» ላይ ውኃው ያልቅበታል።

እኔም ቆፈርኩ።

«ያስቸገረ ሰው ነበር?»

«ግራውንድ ያሉት አባባ። ‹ለእኔ ያለ ሞተርም ይደርሰኛል፣ ለሌላ ሰው ውኃ ምን አግብቶኝ 500 ብር እከፍላለሁ?› አሉ። እሳቸው ካልከፈሉ ደግሞ አንደኛ ፎቅም አልከፍልም አለ።»

«አንቺስ ምን አደረግሽ?»

ዝም አለች። ከዚያ ቀስ ብላ ጀመረች። የኮሚቴውን አሮጌ ደብተር ከጸሐፊው ተቀብላ ሁለት ማታ አገላብጣለች። ባለፈው ክረምት ፍሳሽ ሞልቶ አባባ በር ላይ ሲገነፍል 25ቱም ቤት አዋጥቶ አስመጥጦላቸዋል፤ አራተኛ ፎቅ ያሉት ሳይቀሩ። ደብተሩን ይዛ ብቻዋን አንኳኳች። በስብሰባ ላይ አላነሣችውም፤ ሰው ፊት ቢሆን እልህ ይይዛቸው ነበር። ገጹን ገልጣ «አባባ፣ ይቺ ፊርማ የእርስዎ ናት?» አለች። መነጽራቸውን አደረጉ፣ አዩ፣ ወደ ውስጥ ገቡና 500 ብር ይዘው ወጡ። በማግስቱ አንደኛ ፎቅ ከፈለ። 12,500 ብር ሞላ፤ ሞተሩን ራሷ ጥቅለላ ቤት ወሰደችው።

«ይሄን ሁሉ ‹ተወያየን› ውስጥ ነው የቀበርሽው?»

«ትንሽ ነገር መሰለኛ፣ ጋሼ። እነሱ ፕሮጀክት ምናምን የሚጠብቁ መስሎኝ።»

ትንሽ? መረጃ ፈልጋለች፣ እምቢታው ከየት እንደመጣ ለይታለች፣ ሽማግሌ ሳታዋርድ አሳምናለች። አማካሪ ደሞዝ የሚበላው ለዚህ ነው።

ቡና ልትጠጣ የመጣች ጎረቤት ጣልቃ ገባች። «ምክር ደግሞ ይሸጣል እንዴ?»

«‹ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው› ይባል የለ? ከመከራው ምክሩ ይረክሳል።»

ወደ ልጅቷ ዞርኩ። «ድክመትሽስ?»

«ሥራ ከያዝኩ እረፍት አላውቅም።»

«ይሄ ምስጋና ነው፣ ጥቁር ለብሶ የመጣ። ድክመትሽን ነው የጠየቅሁሽ።»

እናቷ ቀደመቻት። «ክፉ ወሬ መናገር አትችልም።» እውነት ነው። ሞተሩ መጀመሪያ ሲጠቀለል አልያዘም ነበር። ባለሙያው ነገራት፤ እሷ ግን ሁለት ቀን ሙሉ «ነገ ያልቃል» እያለች ወሬውን ያዘችው፣ ጎረቤት ጀሪካን ተሸክሞ ደረጃ ሲወጣ ሰነበተ። ከዚያ ወዲህ መልካምም ይሁን ክፉ፣ የሰማችውን የዚያኑ ማታ በብሎኩ ቴሌግራም ትጽፋለች። በሉ እንግዲህ፣ ይሄን ሰምቶ የማያምናት ጠያቂ ካለ ችግሩ የእሱ ነው።

«ከአምስት ዓመት በኋላ ራስሽን የት ታያለሽ?» ለሚለው ብዙ አልደከምንም። ምን መማር እንደምትፈልግና ለምን እዚያ መማር እንደፈለገች ትናገር፣ በቃ። መልሱንም ቃል በቃል እንዳትሸመድድ ነገርኳት። ታሪኩን አንዴ ለእናቷ በአማርኛ፣ አንዴ ለጓደኛዋ በእንግሊዝኛ፣ አንዴ ደግሞ ታክሲ ውስጥ ለራሷ በልቧ ትንገረው። እናቷ ያልገባት ቦታ ካለ ጠያቂውም እዚያው ላይ ይጠፋል።

አሁን ደግሞ ጠረጴዛው ማዶ ላላችሁት።

«ጎበዝ ናት፣ ግን ለእኛ አትመጥንም» ትላላችሁ። ምኗ? ሎረን ሪቬራ የተባለች የኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ አሜሪካ ውስጥ በትልልቅ የአማካሪ፣ የሕግና የኢንቨስትመንት ባንክ ድርጅቶች ሠራተኛ የሚመርጡ 120 ሰዎችን አነጋግራ በ2012 እ.ኤ.አ. ባሳተመችው ጥናት፣ መራጮቹ ከችሎታው ጎን ለጎን በትርፍ ጊዜያቸው፣ በልምዳቸውና በአነጋገራቸው ራሳቸውን የሚመስል ሰው እንደሚፈልጉ አሳይታለች። ቦሌም ከዚህ አያመልጥም። «ትርፍ ጊዜሽን በምን ታሳልፊያለሽ?» ስትሏት የኢንተርናሽናል ስኩል ልጅ ቴኒስና ጉዞ ትላለች። የአያት ሰፈር ልጅ ከመገናኛ ታክሲ ተሰልፋ፣ ውኃ ቀድታ፣ ታናሿን አስጠንታ ነው ያደረችው። ይህን ጊዜ «ትርፍ» ብላ ስለማታውቀው «የለኝም» ትላችኋለች፤ እናንተም «ሕይወት የላትም» ብላችሁ ትጽፋላችሁ። «የለኝም» ያሰኛት እኮ ሕይወት ነው!

መፍትሔው ሩቅ አይደለም። ፍራንክ ሽሚት እና ጆን ሀንተር የ85 ዓመት ጥናቶችን ሰብስበው በ1998 እ.ኤ.አ. ባወጡት ሥራ፣ ለሁሉም አንድ ዓይነት ጥያቄ ተዘጋጅቶለት በአንድ ሚዛን የሚለካ ቃለ መጠይቅ እንደ ወግ ከሚካሄደው ይልቅ የነገውን ሠራተኛ በተሻለ እንደሚጠቁም አግኝተዋል። ስለዚህ ለሁሉም አንዱን ጠይቁ፣ በአንዱ መዝኑ። «ደስ አለችኝ» ሚዛን አይደለም። አዲስ ሠራተኛ ለሥራው ብቁ ካልሆነም የሙከራ ጊዜ አለ፤ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 እስከ 60 የሥራ ቀን ሰጥቷችኋል። በ20 ደቂቃ ፊት አይታችሁ ለምን ትፈርዳላችሁ?

ማክሰኞ ጠዋት እስከ ታክሲው ልሸኛት ሄድኩ። ፀጉሯን ተሠርታ፣ የእናቷን ጥቁር ኮት ደርባ፣ ዶሴዋን ደረቷ ላይ ይዛ ደረጃውን ወረደች። አባባ በራቸው ላይ ወንበር አውጥተው ፀሐይ ይሞቃሉ።

«በዚህ ማለዳ ወዴት ነው ዘንጠሽ?»

«ቦሌ ነው አባባ፣ ስለ እርስዎ ላወራ።»

ደንገጥ አሉ። «እንደው ምን ልትዪኝ?»

«እንደከፈሉ ነዋ!»